«ጨው» የተጻፈበት ጣሳ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 21 ቀን
ከሱቁ ጓዳ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለአይጥዬ፤

እንዴት ነሽ? ይህን በስልክ ስጠይቅሽ ሁልጊዜ ሳልጨርሰው «ደህና ነኝ እማ» ብለሽ ታቋርጪኛለሽ። በወረቀት የጠየቅኩሽ ማቋረጥ እንዳትችይ ነው። እስከ መጨረሻው አንብቢና ያኔ መልሺልኝ።

እኛ ደህና ነን። ሱቁ ማንጎ በማንጎ ሆኗል። ጠዋት ሣጥኖቹ ሲራገፉ ከላይ ያለውን ትቼ ከሥር ያለውን እገላልጣለሁ፤ አምጪው ቆንጆ ቆንጆውን ከላይ እንደሚደረድር ከሠላሳ ዓመት በላይ አይቻለሁና። አክስትሽም ደህና ናት። ጡረታ ወጥታ እኛ ጋ ከገባች ሁለት ወር ሊሞላት ነው። ዕድሜዋን በትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ያሳለፈች ሴት ቤት ስትገባ ምን እንደሚሆን ገምቺው። መጥረጊያው ሳይቀር የራሱ ምስማር ተመድቦለታል። አንድ ቀን እኔም ጀርባዬ ላይ ቁጥር ተለጥፎብኝ ብገኝ አይግረምሽ።

ልጽፍልሽ የተነሳሁት ግን ስለ ማንጎ ቻትኒው ነው።

ባለፈው ወር ደውለሽ «እማ፣ ምንም አልበላ ብሎኛል፤ ያንቺ ቻትኒ ቢኖር ግን እበላ ነበር» ብለሽኝ ነበር። ወዲያው ደግሞ ሥራ በዝቶብሽ እንደሆነ፣ ሌላ ምንም እንዳልሆነ ነገርሽኝ። እኔ ከዚያ ሁሉ የሰማሁት አማረኝ ማለትሽን ብቻ ነበር። ከሄድሽ ወዲህ አንድም ነገር ላኪልኝ ብለሽኝ ስለማታውቂ ደስ አለኝ። አማረኝ ስትዪ ሰማሁ እንጂ አልበላ ብሎኛል ስትዪ አልሰማሁም። ዕቃ ሲገዛ ከሥር እየገለበጥኩ የማይ ሴት፣ የልጄን ነገር ከላይ አይቼ ተቀበልኩ።

የልብስ ሰፊው ምራት ዕረፍቷን ጨርሳ አንቺ ወዳለሽበት ከተማ የምትመለሰው ማክሰኞ፣ መጋቢት 3 ቀን ነበር። ከቤት ስምንት ሰዓት ላይ እወጣለሁ ብላኛለች። እኔ ደግሞ በዚያው ቀን ጠዋት የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነበረኝ፤ ያቺ ስታሰቃየኝ የኖረችው መንጋጋ ጥርሴ መነቀል ነበረባት። ተነቀለች። መርፌው ግማሽ ፊቴን ወስዶት ስለነበር ቤት የደረስኩት አገጬን በእጄ እየዳሰስኩ ነው። ምላሴ አፌ ውስጥ የሰው ዕቃ መሰለኝ።

ጊዜ ስላልነበረኝ ጋቢዬን እንኳን ሳላወልቅ ድስቱን ጣድኩ። ጠንከር ያሉትን፣ ቢጫው ገና ከአረንጓዴው ያልተላቀቀውን ማንጎ መርጬ ላጥኩ፤ እንደ ዳማ ጠጠር አድርጌ ከተፍኩት። ሽንኩርቱን አደቀቅኩ፣ ዝንጅብሉን ፈቀፈቅኩ። አቼቶውን፣ ዘቢቡን፣ ቅርንፉዱን፣ ቁንዶ በርበሬውን ጨመርኩ። ከዚያ እጄ እንደ ልማዱ «ጨው» ወደሚለው ጣሳ ሄዶ ሦስት ኩባያ ሙሉ ዘግኖ ገለበጠ፤ «ስኳር» ከሚለው ደግሞ አንድ ማንኪያ።

ጣሳዎቹን መቼም አትረሺያቸውም። ስድስት ዓመትሽ ነበር። ጣትሽን በምራቅ እያራስሽ ስኳር ጣሳ ውስጥ ነክረሽ የምትልሺው ልማድ ነበረሽ፤ አይጥ የሚለውን ስም ያወጣልሽም አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ያኔ ነው። ሁለት ጥርስሽ ሲበሰብስ ቁጣውም ቁልፉም እንዳላዋጣ አየሁና ስኳሩን ወደ ሌላው የወተት ዱቄት ጣሳ ገልብጬ፣ ፕላስተር ለጥፌ፣ «ጨው» ብዬ ጻፍኩበት። ጨው ያለበት ላይ «ስኳር» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ጓዳ ውስጥ ጮኸሽ ወደ ውሃው በርሚል ስትሮጪ እኔና አባትሽ በሩ ሥር ቆመን በሳቅ ሞትን። ሁለተኛ ጣትሽን አላስገባሽም። ቆይተሽ ነገሩ ሲገባሽም ፕላስተሩ እዚያው ቀረ፤ ለእንግዳ ሻይ ስታቀርቢ «ይቅርታ፣ በኛ ቤት ጨው ማለት ስኳር ነው» ትዪ ነበር።

እንግዲህ ያን ማክሰኞ፣ እኔ ሐኪሙ ወንበር ላይ አፌን ከፍቼ ሳለሁ፣ አክስትሽ ጓዳውን ስታስተካክል ጣሳዎቹን ከፈተች። አየች። ጨው የሚለው ውስጥ ስኳር አለ፤ ስኳር የሚለው ውስጥ ጨው አለ። ምን ታደርግ? በንጹሕ ሳህን ላይ እያሳለፈች አቀያየረቻቸው። አጥባም አድርቃቸዋለች።

እኔ ምን አውቄ። ድስቱን እያማሰልኩ ቀመስኩ፤ ምንም። እንደገና ቀመስኩ፤ ሙቀቱ ይሰማኛል እንጂ ጣዕም የሚባል ነገር የለም። መርፌው ነው አልኩ። አክስትሽን ቅመሺልኝ ብላት «ስኳር እንዳለብኝ እያወቅሽ? ልትገላገዪኝ ነው?» አለችኝ። አንድ ነገር ግን ማየት ነበረብኝ። ቻትኒ ሲደርስ ማንኪያውን ድስቱ መሃል ስትስቢው ከኋላው መንገድ ይከፈታል፣ መንገዱም ቶሎ አይደፈንም፤ ያን ቀን ግን ወዲያው ወዲያው ይደፈን ነበር። ዛሬ ማንጎው ውሃ አብዝቷል ብዬ እሳቱን ጨመርኩ። ከዚያ በፈላ ውሃ የተቀቀሉት ብልቃጦች ውስጥ ሞላሁ፣ ክዳናቸውን አጠበቅኩ፣ ገልብጬ አቆምኳቸው። መንገደኛዋ መጥታ ያንቺን ድርሻ በፎጣ ጠቅልላ ወሰደች። ማስታወሻዬ ላይ እንዲህ ይላል፦ «መጋቢት 3። ጥርስ ወጣ። ቻትኒ ሄደ። ልጅ ልትበላ ነው።»

በማግስቱ አናጢው ለቁርስ ዳቦውን ይዞ ወደ ሱቁ መጣ። ይሄ ሰው እኛ ቻትኒ በሠራን ቁጥር ሽታው እንደሚጠራው ታውቂያለሽ፤ ስንት ዓመት ሙሉ «ማርማላታሽን ቀቢልኝ» ሲለኝ፣ አንቺ ከጓዳ «ሽንኩርት ያለው ማርማላታ የት አይተሃል?» እያልሽ ስትጣዪው። አንድ ጊዜ ጎረሰ። ማላመጡን አቆመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«እትዬ» አለኝ፣ በግድ ውጦ፣ «ይሄ ለዳቦ ነው ወይስ ቆዳ ለማልፋት?»

ቀመስኩት። መርፌው ለቆኝ ነበርና እኔም ተፋሁት። አክስትሽን ጠራኋት፤ ጣሳዎቹን ነገረችኝ። ለምን እንዳልነገረችኝ ስጠይቃት ተገረመችብኝ።

«ምኑን ልንገርሽ? ላዩ ላይ የተጻፈውን ነው ያደረግኩት» አለች።

ልክ ናት። ላዩ ላይ የተጻፈውን ማንም አምኖ በማያውቅበት ቤት አንዲት የምታምን ሰው ገባች፤ ጥፋቱ ይኸው ብቻ ነው። ደግሞ አስቢው፣ ስኳር ያለባት ሴት ስኳሬን ቦታ ስታስቀይርብኝ። ሦስታችንም ሳቅን። አናጢው ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጥቶ፣ የዕለቱን ብርቱካን በካሳ ወስዶ ሄደ።

ልደውልልሽና ልናስቅሽ ነበር ሐሳባችን። ሐሙስ ደወልኩ፤ አልተነሳም። ዓርብ ደወልኩ፤ አልተነሳም። ዓርብ ከሰዓት መንገደኛዋ ብልቃጡን በእጅሽ እንደሰጠችሽ መልእክት ላከችልኝ። አሁን ቀምሳ ትጮሃለች፣ አሁን ትደውላለች እያልኩ ስልኩን ሚዛኑ አጠገብ አስቀምጬ ዋልኩ። የምትዪኝን ሁሉ አዘጋጅቼ፣ የምመልስልሽንም አዘጋጅቼ ነበር።

እሑድ ደወልሽ።

«እማ፣ ጣቴን ነው የላስኩት» አልሽኝ። «ልክ እንደ ድሮው። ጨረስኩት እኮ። እንደ ልማድሽ ስኳሩን ትንሽ አብዝተሻል እንጂ።»

አጠገቤ የነበረችው አክስትሽ ድምፅሽን ሰምታ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ ሚዛኑ ላይ የነበረውን ፓፓያ አየሁት። ከዚያ ምን አልኩሽ? «እሰይ! በሚቀጥለው እቀንሳለሁ» አልኩሽ። ለሠላሳ ዓመት ስከራከር ስኖር እንደዚያ ቶሎ የተረታሁበት ቀን አላስታውስም።

ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እንደ ነጋዴ አሰብኩ። ከሦስት አንዱ ነው። አንድም ብልቃጡን አልከፈትሽውም፤ አንድም ለሰው ሰጥተሽዋል፤ አንድም በልተሽው ሦስት ኩባያ ጨው እንደ ስኳር አልፎልሻል። የመጀመሪያዎቹ ቢሆኑ ጉዳዬ አይደለም። ሦስተኛውን ሳስብ ግን ያ የማክሰኞው ድስት ትዝ አለኝ፤ እየቀመስኩ ሙቀቱ ብቻ የተሰማኝ። እኔ ለአንድ ቀን ነበር። ምላሴ የሰው ዕቃ የሆነብኝ ለግማሽ ቀን ነው፣ እሱም አስፈርቶኛል።

ከዚያ የቀን ማስታወሻዬን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ምን እንደምጽፍ ታውቂያለሽ፤ ከአምስት ስድስት ቃል አያልፍም። አንዱን ቀን ለብቻው ስታነቢው ምንም የለበትም። አከታትዬ ሳነበው ግን እንዲህ ይላል፦

«ጥር 9። ልጅ ደወለች። ሳቀች፣ ሳቁ መሃል ላይ ተቋረጠ።»

«ጥር 23። በቪዲዮ ልያት አልኩ። ካሜራው ተበላሽቷል አለች።»

«የካቲት 7። ከሥራ ፈቃድ ወጣሁ አለች። ለዕረፍት።»

«የካቲት 21። ቻትኒ አማራት። ደስ ብሎኛል።»

ደስ ብሎኛል ብዬ ጽፌአለሁ፣ በራሴ እጅ።

መንገደኛዋ ጋ ደወልኩ። እንዴት አየሻት አልኳት። «ደህና ናት» አለችኝ፤ ከዚያ ዝም አለች፤ ከዚያ «ትንሽ ከስታለች» አለች። በደህናና በከስታለች መሃል ያለውን ዝምታ መመዘን ለኔ ሥራዬ ነው። ቤት ውስጥ ብርድ ነበር ወይ ስላት የለም፣ ይሞቅ ነበር አለችኝ። ታዲያ ሻሽ ለምን አስራለች ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ሻሽ ማሰርሽን የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ሳልጠይቃት፣ ያምርባታል ብላ።

ነርሷን ታስታውሻታለሽ፤ ከሱቁ ፊት ለፊት ካለው ክሊኒክ የምትመጣው፣ አንዷን ብርቱካን ሦስት ጊዜ የምታገላብጠው። ጨውና ስኳር መለየት የሚያሳጣ ምን ዓይነት በሽታ ነው ብዬ እንደ ዋዛ ጠየቅኳት።

«መድኃኒትም ያሳጣል» አለችኝ። «ምን ዓይነት ነው የምትወስደው?»

«ማን?» አልኳት።

የሰጠኋትን ብርቱካን ሳታይ ይዛ ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስትመጣ ዓይኔን አይታ ሰላም ትለኛለች እንጂ ፍሬ አታማርጥም።

ረቡዕ ወደ አንቺ የምመጣበትን ቪዛ ልጠይቅ ኤምባሲ ሄድኩ። መቀመጫው ጥሩ ነው፣ ሰልፉም ሥርዓት አለው። መስታወቱ ጀርባ ያለው ወጣት ትሑት ነበር፤ ብናደድበት ይሻለኝ ነበር። ለምን መሄድ እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ልጄ ታማብኛለች አልኩት።

«ታማለች የሚል የሆስፒታል ወረቀት አለዎት እናቴ?»

«የለኝም።»

«እሷ ራሷ ምን ትላለች?»

«ደህና ነኝ ነው የምትለው።»

«እንግዲያ ደህና ናታ» አለኝ ፈገግ ብሎ። ሊያጽናናኝ ብሎ ነው። ቅጹ ላይ የጉዞ ምክንያት በሚለው ባዶ መስመር ላይ ምን ልጻፍ? ልጄ ጨው በልታ ጣፈጠኝ አለች ብዬ ልጻፍ? ባዶውን መለስኩለት። ከአምስት ወር በኋላ ይመለሱ የሚል ቀጠሮ ሰጠኝ። ከሆስፒታሉ አንድ ወረቀት ከመጣ ግን በሳምንት እንደሚያልቅ ነግሮኛል።

ያን ወረቀት ከአንቺ በቀር ማንም ሊያመጣልኝ አይችልም። ተረጂኝ ልጄ። የተሰበረ መኪና መንገድ ላይ ቆሞ ሙሉ ጭነት ሊበሰብስብኝ ሲል መላ አግኝቼ አውቃለሁ። የገበያው በር ሲዘጋ በጓሮ አስገብቻለሁ። የማላውቀውን ሰው በስልክ አግባብቼ ከማላውቀው ከተማ ዕቃ አስጭኛለሁ። አሁን ግን እዚህ ከሚዛኔ ኋላ ተቀምጬ፣ አንቺ እስክትናገሪ ምንም ማድረግ አልችልም። እንዲህ ሆኜ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚኮንም አላውቅበትም። ሰው ሲመጣ እመዝናለሁ፣ ሲሄድ ወደ ስልኩ አያለሁ።

አልቆጣሽም። እንዴት ብዬ እቆጣለሁ? ላዩ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው እንዳይገናኝ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ፕላስተሩን የለጠፍኩት እኔ። አባትሽ ሲታመምም ለፈተናሽ ብዬ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ «ጉንፋን ነው» ስልሽ የነበርኩ እኔ። ያኔ ስታውቂ ምን እንዳልሽኝ አልረሳሁትም፤ «እማ፣ አብሬሽ እንድፈራ ለምን አልፈቀድሽልኝም?» ነበር ያልሽኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁን ያንኑ ጥያቄ መልሼ እኔ እጠይቅሻለሁ፤ አንቺ መልስ ካለሽ ንገሪኝ።

ጣሳዎቹን አክስትሽ ሳላዝዛት እንደ ድሮው መልሳቸዋለች፤ ጨው የሚለው ውስጥ ስኳሩን፣ ስኳር የሚለው ውስጥ ጨዉን። ልማዷ አልለቅ ብሏት ግን «ጨው» ከሚለው ፕላስተር ሥር በቀጭን እርሳስ «ስኳር ነው» ብላ ጽፋለች። ሳየው ልቆጣ ብዬ ነበር፤ ከዚያ ተውኩት።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ብልቃጥ አለ። ትናንት ነው የሠራሁት፣ ጥርሴም ድኖ፣ ምላሴም ሠርቶ፣ ሁለት ጊዜ ቀምሼ። ማንኪያው መንገድ ሲከፍት መንገዱ ቆሞ ታይቷል። ልብስ ሰፊው የቪዛ ወረቀቱ አልቆለት ወደ ልጁ መሄዱ ስለሆነ በሻንጣው ይዞልሻል። ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፌ «ጨው» ብዬበታለሁ። ውስጡ ምን እንዳለ ግን አልነግርሽም። የኛን የድሮ ሕግ ተከትዬ ይሁን የአክስትሽን፣ ከራሱ ከብልቃጡ ስሚው። ብዙ አትብዪ፤ እንደ ስድስት ዓመትሽ ጣትሽን ብቻ ንከሪና ላሺው። ከዚያ ደውይልኝ። ጣፈጠኝ አትበዪኝ፤ አልጣፈጠኝም አትበዪኝ። የምለምንሽ ውስጡ ያለው ጨው ይሁን ስኳር እንድትነግሪኝ ብቻ ነው። ካልታወቀሽ ደግሞ «አልታወቀኝም እማ» በዪኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ወረቀቱንም፣ መንገዱንም፣ ሻንጣውንም ለኔ ተዪልኝ። ሱቁን አክስትሽ ትይዘዋለች፤ ብርቱካኖቹ ቁጥር ይወጣላቸው ይሆናል እንጂ አይጠፉም።

የምላስሽን ጣዕም የሰጠሽ ጌታ መልሶ ይስጥሽ። የእግርሽን ጉልበት፣ የሳቅሽን መጨረሻ ይስጥሽ። ካጠገብሽ የሚተኛ የሚነሳ ሰው አያሳጣሽ፤ እስክደርስም ድረስ የሰው እጅ አይክፋብሽ። አሜን ብዬልሻለሁ፣ አንቺም በዪ።

የምትወድሽ እናትሽ
ባለ ፍራፍሬዋ

ይህን ከጨረስኩ በኋላ ያስታወስኩት፦ ክዳኑን ሳጠብቀው ጉልበት ሳላበዛ አልቀረሁም። ልብስ ሰፊው ሲያደርስልሽ እዚያው ቆሞ እንዲከፍትልሽ፣ እስክትቀምሺም ቁጭ ብሎ ሻይ እንዲጠጣ አደራ ብዬዋለሁ። እንዲያይሽ ብዬ አይደለም። ለክዳኑ ብቻ ነው።